ለአንድ ልጅ ብቻ የተረፈ ይቅርታ

በአንድ ወቅት፣ ከደጋው ሥር ባለ ሞቃት ቆላ፣ አቶ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ከየሻረግ ጋር ይኖሩ ነበር። ሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው፣ መኳንንት፣ ይታየውና አስማረ፣ ተምረው ወንዙን ተከትለው ባሉ ሦስት ከተሞች ተቀጠሩ። የሦስቱም ሥራ አንድ ነበር። ደጋ ላይ ያለው መለኪያ የወንዙን መሙላት ሲያይ፣ ወሬው ከከተማ ከተማ ተላልፎ በአባታቸው ቀዬ የቆመውን የጎርፍ ሳይረን ያስጮኻል፤ እነሱ ይህን መስመር ይጠብቃሉ።

ወሬው የሚሄደው በሁለት መንገድ ነው፤ በተቀበረው ኬብል ወይም በተራራው የሬዲዮ ማማ። በየከተማው ያለው ራውተር የሚሉት መሣሪያ የትኛው መንገድ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ ለጎረቤቱ ይነግራል። መቼ እንደሚነግር የሚወስነው ግን ሰው ነው።

የላይኛው ከተማ የመኳንንት ነበር። ወሬ ዘግይቶ የአንድ አገር ከብት ሲያልቅ አይቷል። ስለዚህ መሣሪያው ለውጥ ባየ ቁጥር ወዲያው እንዲናገር አደረገው። «እኔ ያወቅሁትን ሌላውም አሁኑኑ ይወቀው» አለ።

ይታየው መካከለኛው ከተማ ነበር። እሱ ያየው ሌላ ነው፤ መሣሪያዎቹ ያለ ፋታ ሲለፈልፉ ተጨናንቀው መስመሩ በሙሉ ሲሞት። የእሱ መሣሪያ የሰማው ነገር እስኪረጋ ጠብቆ እንዲያስተላልፍ አደረገው። «ያልጠራ ወሬ በእኔ በኩል አያልፍም» አለ።

አስማረ ከታች፣ ለቀዬው የቀረበው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዶፍ ወረደ። ቆላው ጠራራ ፀሐይ ነበር። የሻረግ ማጭዷን ይዛ «አባዬ፣ ወንዙ ዳር ያለውን ማሽላ ልጨርሰው?» አለች።

አቶ ጓንጉል ወደ ሳይረኑ ቀና ብለው አዩ። «ሂጂ ልጄ፣ ሰላም ነው።»

ደጋው ላይ ኬብሉ ውሃ ገብቶበት ይቋረጥና ይመለስ ጀመር። የመኳንንት መሣሪያ «ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ» እያለ ጮኸ። የይታየው መሣሪያ ወሬው አልረጋለት ስላለ ዝም ብሎ ጠበቀ። አስማረ ከላይ የሚሰማው ሲጠፋ ጨነቀው። ታች ያሉት አባቱና እህቱ ናቸው። መሣሪያው ከእንግዲህ ስለ መንገድ የማንንም ወሬ እንዳይቀበል አድርጎ በማማው መንገድ ብቻ አጸናው። «ቢያንስ አንድ የማምነው መንገድ ይኑረኝ» አለ። ማማው ያን ጊዜ ይሠራ ነበር፤ መለኪያውም ገና ማስጠንቀቂያ አልላከም።

ጥቂት ቆይቶ ማማውን መብረቅ መታው። ወዲያው ኬብሉ ረጋ፤ የይታየውም መሣሪያ ዘግይቶም ቢሆን «ክፍቱ መንገድ ኬብሉ ነው» ብሎ ተናገረ። የአስማረ መሣሪያ አልሰማም። ማስጠንቀቂያው በኬብል መጥቶ ደጁ ላይ ቀረ፤ ሳይረኑም አልጮኸም።

ጎርፉ የሻረግን ወሰዳት። አሸዋ ላይ ያገኟት ከቀዬው በጣም ርቃ ነው።

ከቀብሩ በኋላ አቶ ጓንጉል አልጋ ያዙ። ልጆቻቸው ተራ በተራ ከፊታቸው ተንበረከኩ።

መኳንንት «አባዬ፣ እኔ ባልለፈልፍ ይታየው ባልጠበቀ ነበር» አለ።

ይታየው «እኔ ቶሎ ብናገር አስማረ ጆሮውን ባልዘጋ ነበር» አለ።

አስማረ «ወሬው መጥቶልኝ ነበር» አለ።

የንስሐ አባታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «አቶ ጓንጉል፣ ልጆችዎን ይቅር ሳይሉ እንዳይሄዱብን።»

«አባ፣ ውስጤን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ለአንድ ልጅ የሚበቃ ይቅርታ ነው። ለሦስት ባካፍለው ለማንም አይደርስም። ለአንዱ ብሰጠው ሁለቱን አስቀይሜ እሞታለሁ። ለማንም ሳልሰጥ ብሞት ደግሞ ከእኔ ጋር ይቀበራል።»

ሽማግሌው ትንፋሻቸው እያጠረ ሦስቱን በየተራ አዩ። ሦስቱም ስሙ የሚጠራው ማን እንደሆነ ለመስማት አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

እናንተ ሰሚዎች፣ ለሽማግሌው ፍረዱላቸው፤ ይቅርታው የሚገባው ለየትኛው ልጅ ነው?