ፍየል የገዛችው አልጋ

ተረት ተረት! ጆሯችሁ ይሁንልኝ የላም በረት።

በአንድ አገር፣ ዕቃ መርጦ በመግዛት የሚስተካከለኝ የለም የምትል ፍየል ነበረች። አንድ ቀን ቀበሮ ያገለገለ የጠፍር አልጋ ሲሸጥ አገኘችው። ጠፍሩን ሳበች፣ እግሩን ነቀነቀች፣ ትኋን እንዳይኖርበት ስንጥቁን ሁሉ አሸተተች።

«እመት ፍየል፣ እንዲህ ያለ አስተዋይ ገዢ አጋጥሞኝ አያውቅም» አላት ቀበሮ።

እሷም በሙገሳው ልቧ አብጦ፣ ለክረምት ያስቀመጠችውን ገብስ በሙሉ አስረከበችውና አልጋውን ተሸክማ ቤቷ ገባች። ገና ጋደም ከማለቷ አያ ጅቦ በሩን በርግዶ ገባ።

«ይህ አልጋ ለቀበሮ ላበደርኩት እህል መያዣዬ ነው። ብድሬን ስላልመለሰ ልወስደው መጣሁ፤ ላዩ ላይ ያለውንም ጭምር!» አላት።

ፍየል በመስኮት ዘላ ወጥታ እስከ ገደሉ አፋፍ ሮጠች። እዚያ ቆማ፣ ጅብ አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ እያየች፣ «አይ አዋቂዋ! አያ ጅቦን በገዛ ገብስሽ ቤትሽ ድረስ ጠራሽው» ብላ በራሷ ሳቀች።

በዓመቱ ያገለገለ ድስት ልትገዛ ገበያ ወጣች። ሻጯ ጃርት «አገላብጠሽ እዪው እንጂ» ስትላት፣ «እህቴ፣ እኔ ዕቃ አላውቅም። ይልቅ ይህን ድስት ፍለጋ ቤቴ የሚመጣ ማን አለ?» አለቻት።

ተረቱ ለእናንተ፣ ዳቦው ለእኔ።