ባንድ ዓይን የተሣለችው ሚስት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሚስቱ ሞተችበት።

ቁጭ በይ፣ የትናየት። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «የኔታ፣ በሥዕል ማኅበራችን አንድ ጀማሪ አለ፤ የኮሚክ ሥዕል ይሥላል፤ ስህተቱን ብነግረው ተከፍቶ ቀረ፤ ዝም ብል ደግሞ መዋሸት ይሆንብኝ ነበር፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ነው ያልሽኝ። መልሱን በሁለት ቃል ብነግርሽ በሩ ጋ ሳትደርሺ ትረሺዋለሽ፤ አውቅሻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ገበሬውን ስሚው።

ይህ ሰው ሥዕል አልተማረም። ግን ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ዓይኑ ከግድግዳው አይነቀልም ነበር። የቅዱሳኑ ታሪክ ከላይ እስከ ታች በየሣጥኑ ተሥሎ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሁሉ ካንዱ ሣጥን ወደ ሌላው በዓይኑ እየተሻገረ ሲያነበው ማየት ደስ ይለዋል። ሚስቱ ስትሞት ታዲያ እንባ እምቢ አለው። ሰው «እግዚአብሔር ያጽናህ» እያለ ሲመጣና ሲሄድ እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ይሸኛል። ሊናገር የፈለገው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ነበር፤ ያ ደግሞ ከአፉ አልወጣ አለው።

ስለዚህ አቡጀዲ ገዛ፣ ቀይ አፈር በጠበጠ፣ ከሰል ፈጨ። ለተዝካሯ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሊሰቅለው ታሪኳን በየሣጥኑ መሣል ጀመረ። ሲጋቡ ሣላት። አብራው ስታርም ሣላት። ምጥ የጠናባትን ጎረቤቷን ደግፋ ሣላት። እሱ ታሞ ተኝቶ፣ እሷ ራስጌው ተቀምጣ ሣላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። በኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላል። ሰይጣንና ከሃዲ፣ ቅዱሳንን የሚገርፈውም ወታደር፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ባንድ ዓይን ይሣላሉ። ማንም ሳይነግረው ሰው ይህን ለምዶታል። ገበሬውም ግድግዳውን ሲያይ አይስተውም። ሲሥል ግን ግድግዳው ትዝ አላለውም፤ ትዝ ያለችው እሷ ነበረች። እና በየሣጥኑ ሁሉ ሚስቱን ከጎን፣ ባንድ ዓይን ሣላት።

መጀመሪያ ጎረቤቱ አየው። ደነገጠ፤ ግን የሐዘንተኛ ፊት እያየ ምን ይበል? «ግሩም ነው! እጅህ ይባረክ!» ብሎ ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አዘነለት እንጂ። ሌላ ሰው ባይመጣ ኖሮ ግን ያ ሥዕል የሟቿ እናት ባለችበት እንዲሁ ይሰቀል ነበር።

ቀጥሎ ሥዕል የሚያውቅ ሰው መጣ። ገና ከበሩ አይቶት ሳቀ። «ምነው ሰውዬ፣ ሚስትህን ሰይጣን አደረግሃትሳ!» አለው። አንድም ቃል አልተሳሳተም። ገበሬው ዞር ብሎ አቡጀዲውን አየ፤ እውነት ነበር። ሰውዬው ሲሄድ ጠቅልሎ ወደ ምድጃው ወሰደው። ፊቷ አለበትና እጁ እምቢ አለው። ቆጥ ላይ ወረወረውና ቀለሙን ደጅ ደፋው። ሁለተኛ ላይሥል ማለ።

ተዝካሩ ሲቃረብ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ወሬውን ሰምቶ ነበርና «እስቲ አሳየኝ» አለው። ገበሬው እያፈረ አወረደለት። ሽማግሌው መሬት ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። አልሳቀም፤ አላደነቀምም።

«አንብብልኝ» አለው።

«ማንበብ አልችልም፣ አባቴ።»

«የገዛ ሥራህን? በል ከመጀመሪያው ሣጥን ጀምር።»

ገበሬው እየተንተባተበ ጀመረ። ሽማግሌው አላቋረጠውም። ሲጨርስ ብቻ «በየሣጥኑ ጎኗን የሣልከው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ገበሬው ጥያቄው ራሱ ገረመው። «አጠገቤ ነበረቻ!» አለ። «ስናርም አጠገቤ፣ ገበያ ስንሄድ አጠገቤ። ስታመም ደግሞ መድኃኒት ሊያመጣ የሄደውን ሰው ስትጠብቅ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ተኝቼ የማየው ጎኗን ነበር።»

ሽማግሌው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «ልጄ» አለው፣ «ያየኸውን ሥለሃል። ይህ የአንገቷ አዘነባበል እኔ ልሥለው የምችለው አይደለም። ግን ድንኳኑ ውስጥ የሚገባው ሰው እንዳንተ አጠገቧ አልነበረም። እሱ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ ነው። ባንድ ዓይን ሲያያት ክፉ ነበረች ብሎ ያነባታል። እናቷም እንደዚያ ታነባታለች። ይህን ነው የፈለግኸው?»

ገበሬው ተቆጣ። ጥግ የጣለውን ብሩሽ አንሥቶ ወደ ሽማግሌው ወረወረና «እንግዲያው እርስዎ ይሣሏት!» አለ።

«በሰው ሥራ ላይ እጅ አናሳርፍም፤ ይህ የሙያችን ሕግ ነው» አለ ሽማግሌው። «ደግሞ ሚስትህን አላውቃትም። እኔ ብሥላት ሌላ ሴት ነው የምትሆነው።» ከዚያ ስንጥር አንሥቶ መሬቱ ላይ፣ አፈሩ ላይ፣ ፊት እንዴት እንደሚዞርና ሁለተኛው ዓይን የት እንደሚያርፍ አሳየው። አሳይቶም በመዳፉ አጠፋው። ስህተቱን የሚሸፍንበት ነጭ ቀለም ከቦርሳው አውጥቶ አጠገቡ አኖረለት።

ገበሬው ቀለሙን አየው። «ፊቷን በዚህ ልሸፍነው? ሁለተኛ ልቅበራት?»

«አትቀብራትም» አለው ሽማግሌው። «ወደ እኛ ታዞራታለህ።»

ብቻውን ሲቀር ገበሬው ብሩሹን ከወደቀበት አነሣ፤ ቀለሙንም እንደገና በጠበጠ። እሱን ፊት ለፊት ያየችበትን ጊዜ በልቡ ፈለገ። ለካ ቀጥ ብላ የምታየው ስትቆጣው ኖሯል! ወገቧን ይዛ፣ ሁለቱን ዓይኖቿን አፍጥጣ፣ «አንተ ሰው፣ ዛሬም ማረሻውን ዝናብ ላይ ትተኸው መጣህ?» ስትለው ታየችው። ሳቀ። ከሞተች ወዲህ ገና መሳቁ ነበር። ሳቁም ሳያልቅ እምቢ ያለው እንባ መጣለት። እያለቀሰ ሣላት።

ሽማግሌው በተዝካሩ ጧት ሲመጣ ሚስቱ በየሣጥኑ ሁለት ዓይን ነበራት፤ ከአንዱ በቀር። የበሽታው ሣጥን እንዳለ ነው።

«ይቺን ረሳሃት» አለው።

«አልረሳኋትም፣ አባቴ። እዚህ ላይ በሩን ነው የምታየው። ይህን አልለውጠውም።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ሣጥኗን አያት። «ሥራው ያንተ ነው» አለና እንዲሰቅል አገዘው።

ሰው ካንዱ ሣጥን ወደ ሌላው እየተሻገረ አነበበ። የሟቿ እናት እዚያች ሣጥን ጋ ስትደርስ ቆመች። «እዚህስ ልጄ ምነው?» አለች። ያን ሁሉ ጊዜ የሚለው የጠፋው ሰው ያኔ አፉ ተፈታ። ስለ በሩ ነገራት። ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ድንኳኑ ሙሉ ሰው እየሰማው ተናገረ። እናቲቱ የተሣለውን ጉንጭ በጣቷ ዳሰሰችው።

እንግዲህ የትናየት፣ ያ የማኅበራችሁ ጀማሪ ገበሬው ነው። አንቺ ጎረቤቱን አልሆንሽም፤ ደግ አደረግሽ። ሽማግሌውን የሆንሽ መስሎሽ ነው የመጣሽው። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፤ ስህተቱን የት ላይ ነው የጻፍሽለት? እዚያው ሥዕሉ ላይ? በቀይ እስክሪብቶ! ታሪኩስ ስለ ምን ነበር? ስለ አንድ የሚኒባስ ረዳት ነው አልሽ… መጨረሻውስ? አላነበብሽውም። የረዳቱ እጆች ከልክ በላይ ትልልቅ ስለሆኑብሽ እነሱን ስታርሚ አላነበብሽውም።

በይ አታቀርቅሪ። እጆቹ ስህተት ይሆኑ ይሆናል፤ ስህተት ከሆኑም ንገሪው እንጂ አትዋሺው፤ አንባቢው ስቆበት ከሚያውቅ ይልቅ ካንቺ ይስማ። እሱም እንደ ገበሬው ተቆጥቶ ይወረውር ይሆናል፤ ታገሺው። አንዷን ሣጥን አልለውጥም ካለሽም ተይለት። ግን ያ ልጅ እነዚያን እጆች የት እንዳያቸው፣ የማን እጆች እንደሆኑ አታውቂም። አልጠየቅሽውማ።

አሁን ተነሺና ሂጂ። እስክሪብቶውን እዚሁ ተይልኝ። ቤቱን ፈልጊና አጠገቡ ቁጭ ብለሽ «አንብብልኝ» በይው።