የማንአህሎሽ መደብና አልወጣም ያለው ሰርዶ

ተረቴ እንደ ሰርዶ ሥር ረጅም ነው፤ አንዱን ጫፍ ስስበው ሌላው ይከተላል። እናንተ መሃሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙልኝ፣ እንዳይበጠስብኝ።

ማንአህሎሽ የምትባል ሴት ነበረች። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ እሷም ስሟን ላለማሳፈር አንገቷን ቀና አድርጋ ኖረች። ብትኮራም ያምርባታል። ከቤቷ ጓሮ አንድ የአትክልት መደብ ነበራት፤ ርዝመቱ ሰባት እርምጃ፣ ወርዱ ሦስት። በሶብላው፣ ድንብላሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጤና አዳሙ እዚያ ይበቅላል። በነማንአህሎሽ ዘር ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ መደብ አንድ የጤና አዳም ቅርንጫፍ ይዛ ትወጣለች፤ ከአዲሱ ቤቷ ጓሮ ወስዳ ትተክለዋለች። እናቷ እንዲህ አድርገዋል፣ አያቷም እንዲህ አድርገዋል፣ ማንአህሎሽም እንዲሁ ይዛ መጥታ እንዲሁ ተክላለች።

ዘንድሮ ተራው የልጇ የስንዱ ነው፤ ሠርጉ እሑድ ነው። ማንአህሎሽ የሙሽራው ወገን እየሰማ፣ ልጄ ከቤቴ ባዶ እጇን አትወጣም፣ የእናቴ ጤና አዳም ይከተላታል ብላ ተናግራለች። የተናገረችውን ደግሞ አገር ሰምቷል። ነገር ግን ክረምቱን ሙሉ ለስንዱ ጋቢ ጥጥ ስትፈትል ጓሮዋን ዞር ብላ አላየችም። ዝናቡ ምን ቸገረው፣ ዘነበ። ረቡዕ ጠዋት ቅርጫቷን ይዛ ብትወጣ መደቡ የለም። ሙጃው ከጉልበቷ በላይ ሆኗል፤ ከሥሩ ሰርዶው ተጠላልፎ መሬቱን አንቆ ይዞታል። ጤና አዳሙ ይኑር ይሙት አይታወቅም። ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ ከኔ ጓሮ አንድ ቅርንጫፍ ልቁረጥልሽ ብትላት ማንአህሎሽ ያልሰማች መሰለች። ለልጇ የሰው ጤና አዳም የምታስይዝ ሴት አይደለችማ።

ሙጃውን አጨደችው። ሙጃ የዋህ ነው፣ ለማጭድ አያስቸግርም። ሰርዶውን ግን ከመደቤ ውጣልኝ ብትለው አልወጣም አለ። ክረምቱን ሙሉ ይህን መሬት የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ እንዝርትሽን ስታሾሪ ማን ጠየቀኝ አላት። ጎትታ ብትነቅለው ጫፉ ከእጇ ላይ ቀረ፤ ሥሩ ከታች ሆኖ ሳቀባት። ሰርዶ ተቆፍሮ እንጂ ተጎትቶ እንደማይወጣ ታውቃለችና ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች።

ወደ ዶማው ሄደች። ዶማው ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። ሰርዶው ከመደቡ አልወጣም ብሏልና ቆፍርልኝ አለችው። ዶማው አልቆፍርም አለ። የዚህን ቤት መሠረት ያወጣሁ ዶማ ነኝ፣ ዛሬ በደነዘ ጥርስ ከሣር ጋር ስታገል ሰው ይይብኝ እንዴ፣ መጀመሪያ ባለእጁ ይሳለኝ አለ። ኩራቱ የባለቤቱን ይመስላል። ማንአህሎሽም ክፉ አልተናገረችውም፤ ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

ሐሙስ ጠዋት ባለእጁ ደምሌ ዘንድ ደረሰች። ደምሌ ብረት ሲያግል፣ ሲቀጠቅጥ፣ ሲስል የኖረ ሰው ነው። ጋሽ ደምሌ፣ ሰርዶው ከመደቡ አልወጣም አለ፤ ዶማው ሰርዶውን አልቆፍርም አለ፤ እባክህ ዶማውን ሳልልኝ አለችው። ደምሌ መዶሻውን አስቀምጦ አልስልም አለ። በባዶ ሆድ የተመታ ብረት ይጣመማል፣ ከኔ እጅ ደግሞ ጠማማ ብረት ወጥቶ አያውቅም አላት። ሚስቱ ወጥ ካልሠራችለት ሦስት ቀኑ፤ ቆሎ ሲቆረጥም ነው የሰነበተው። ለምን አትለምናትም ብትለው ጢሙን እያሻሸ ወደ ጣሪያው አየ።

ማንአህሎሽ በጓዳው በር ገባች። የደምሌ ሚስት የሻረግ ከቀዝቃዛ ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ታባዝታለች። ማንአህሎሽ ነገሯን ዘረዘረች። ሰርዶው ከመደቡ አልወጣም አለ፤ ዶማው ሰርዶውን አልቆፍርም አለ፤ ባለእጁ ዶማውን አልስልም አለ፤ እባክሽ ለባለእጁ ሽሮ ሥሪለት። የሻረግ አልሠራም አለች። ለካ ደምሌ ማኅበር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እየሰማ፣ የሌላ ሴት ሽሮ አመስግኖባታል። ሃያ ዓመት የኔን ሽሮ ሲልስ ኖሮ፣ አለች። ከዚያ ቀና ብላ ቁርጡን ተናገረች።

«ሽማግሌ ደጄ ቆሞ ካልለመነኝ በቀር ይህ ምድጃ እሳት አያይም።»

አገሬው ኩርፊያ የሚፈታው እንዲህ ነው፤ በአንድ ልመና የሚመለስ ሰው ተኮራፍቷል አይባልም። ማንአህሎሽ ይህን እንዴት ትንቀፍ፤ እሷ ብትሆንም እንደዚያው ታደርጋለች። ዶማዋን ከደምሌ በር አቁማ ወጣች።

ዓርብ ማለዳ አባ ይርዳው ቤት ነበረች። አባ ይርዳው በድንበር የተጣሉ ሁለት መንደሮችን ያስታረቁ፣ ነጭ ጋቢ የማይለያቸው ሽማግሌ ናቸው። አባባ፣ አለቻቸው፤ ሰርዶው ከመደቡ አልወጣም አለ፤ ዶማው ሰርዶውን አልቆፍርም አለ፤ ባለእጁ ዶማውን አልስልም አለ፤ ሚስቱ ለባለእጁ ሽሮ አልሠራም አለች፤ እባክዎ ሚስቱን ይለምኑልኝ። አባ ይርዳው ሁሉን ሰምተው አዘኑ፤ ግን አልሄድም አሉ። በእግሩ ጭቃ እየረገጠ የመጣ ሽማግሌ ቃሉ አይከብድም፣ እኔ ለእርቅ በእግሬ ሄጄ አላውቅም አሉ። በቅሏቸው ዳማ ደግሞ ሰሞኑን ኮርቻ ባሳዩዋት ቁጥር ትራገጣለች። ምን እንደነካት አላወቅሁም ቢሉም፣ ዓይናቸውን ሰበር ማድረጋቸውን ማንአህሎሽ አይታለች።

ወደ ጋጣው ዞረች። እስቲ አብራችሁኝ በሉት፣ እዚህ ላይ ትንፋሽ ያጥራል። ዳማዬ፣ ሰርዶው ከመደቡ አልወጣም አለ፤ ዶማው ሰርዶውን አልቆፍርም አለ፤ ባለእጁ ዶማውን አልስልም አለ፤ ሚስቱ ለባለእጁ ሽሮ አልሠራም አለች፤ ሽማግሌው ሚስቱን አልለምንም አሉ፤ እባክሽ ሽማግሌውን ተሸከሚልኝ። ዳማ አልሸከምም አለች። አባ ይርዳው በገበያ መሃል፣ በሰው ፊት፣ አባትሽ ማነው ብለው ጠይቀዋታል። እሷም የበቅሎ ወግ ነውና እናቴ ፈረስ ናት ብትል ገበያተኛው ሁሉ ሳቀባት። ማንአህሎሽ አንገቷን ደባበሰቻት። ዳማም የልቧን ተናገረች።

«ሙሽራ ሆነሽ ወደዚህ መንደር ስትመጪ የተሸከምኩሽ እኔ ነኝ። ያን ቀን ከእናትሽ ጤና አዳም አንድ ዘለላ ጆሮዬ ሥር ሰክተሽልኝ ነበር፤ ስለ አባቴ የጠየቀኝ አልነበረም። ከዚያው ዘር አምጪልኝና እሸከማቸዋለሁ። የሌላ ሰው ብታመጪ አፍንጫዬ ያውቀዋል።»

እንግዲህ እዩት። ጤና አዳሙ ያለው ከሰርዶው ሥር ነው። ሰርዶው እንዲወጣ ዶማው ይቆፍር፤ ዶማው እንዲቆፍር ባለእጁ ይሳል፤ ባለእጁ እንዲስል ሚስቱ ሽሮ ትሥራ፤ ሚስቱ ሽሮ እንድትሠራ ሽማግሌው ይለምኑ፤ ሽማግሌው እንዲለምኑ በቅሎዋ ትሸከም፤ በቅሎዋ እንድትሸከም ጤና አዳሙ ይምጣ። ማንአህሎሽ ሦስት ቀን አገር ለአገር ዞራ ተመልሳ የገዛ መደቧ ጫፍ ላይ ቆመች። እሑድ ደግሞ ሰው አትጠብቅም።

ቆማ ብዙ አሰበች። የሚለመን ሰው አልቀረም። ያልለመነችው የገዛ እጇን ብቻ ነው። ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ ሆና ታያለች፤ ትይ። ማንአህሎሽ ፊቷን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ በአፍንጫዋ ፈለገች፤ ጤና አዳም ቢሞት እንኳ ሽታው አይሞትም። ከመደቡ መካከል ሽታው መጣላት። እዚያ ላይ በዐሥሩ ጥፍሯ ገባች። ሰርዶውን አልጎተተችም፤ እያንዳንዱን ሥር በጣቷ እየተከተለች፣ አፈሩን እየፈለቀቀች፣ እስከ መጨረሻው ሄደች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ስንዝር መሬት ጸዳ። አንድ ስንዝር ብቻ። በስንዝሩ መሃል የከሳ፣ የነጣ፣ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ የጤና አዳም ግንድ ተገኘ። አለቀሰች፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ከዚያ አንድ ዘለላ ቀነጠበች።

ዘለላዋን ሮጣ ወስዳ ከዳማ ጆሮ ሥር ሰካችላት። ዳማ አሸተተች፣ ጆሮዋንም አቆመች። ከዚያማ ሥሩ ተተረተረ። በቅሎዋ ሽማግሌውን ተሸከመች። ሽማግሌው የሻረግ ደጅ ቆመው ለመኑ። የሻረግ ሦስት ጊዜ እምቢ ብላ በአራተኛው ምድጃዋን አነደደች፣ ሽሮ ሠራች። ደምሌ ሽሮውን በላና፣ ከዚህ የሚበልጥ ቀምሼ አላውቅም ብሎ ሽማግሌው እየሰሙ መሰከረ። ቅዳሜ ማለዳ ባለእጁ ዶማውን ሳለ። ዶማው ሰርዶውን ቆፈረ። ሰርዶውም ጥርሱን አይቶ ከነሥሩ፣ ከነዘመድ አዝማዱ፣ ከመደቡ ወጣ። ጥቁሩ አፈር ሰባት በሦስት ሆኖ ተዘረጋ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሴቶቹ ለሠርጉ እጃቸውን እንሶስላ ሊቀቡ ማንአህሎሽ ቤት ተሰበሰቡ፤ ደምሌና አባ ይርዳውም መጡ። መደቡን ያየ ሁሉ ማን አጸዳው ይላል። ዶማው እኔ ነኝ አለ። ደምሌ ያለ ስለት ዶማ ምንድን ነው አለ። የሻረግ ያለ ሽሮ መዶሻ ይነሳል ወይ አለች። አባ ይርዳው ጢማቸውን አሻሹ፤ ዳማ ከአጥሩ ውጭ ሆና አናፋች። ማንአህሎሽ ለሁሉም እጅ ነስታ አመሰገነች፣ ማንንም አላስተባበለችም። እንሶስላው ዞሮ ዞሮ እሷ ዘንድ ሲደርስ ስንዱ የእናቷን እጅ ለመቀባት ያዘች። ጥፍሮቹ ሥር ያለው አፈር ገና አልወጣም። ልጠብልሽ እማዬ ብትላት እናቷ እጇን ከብርሃኑ አቅጣጫ ዘረጋችው፣ ሴቶቹ ሁሉ እንዲያዩት።

«ተይው ልጄ። የኔ እጅ ተቀብቷል።»

እሑድ ስንዱ አንድ የጤና አዳም ቅርንጫፍ ይዛ ዳማ ላይ ወጣች። እናቷ በዚያ ጥቁር ጥፍሯ ሸኘቻት።

የያዛችሁልኝን መሃል አሁን ልቀቁት፤ ተረቴ ከነሥሩ ወጥቷል።