የተሰረቀው ሽንት

ቀኛዝማች ደግፌ በስስታቸው አገር የሚያውቃቸው ባለጠጋ ነበሩ። በግ ሲያርዱ አጥንቱ የጎረቤት ውሻ አፍ እንዳይገባ በራቸውን ያስዘጋሉ።

አንድ ቀን ወገባቸውን ቢያማቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ድሬሰሩ የእሳቸውንና ከኋላቸው የተሰለፈውን የአንድ ምላሰኛ ሸማኔ ሽንት ተቀብሎ፣ በየብልቃጡ አድርጎ በእሳት አሞቀው። የሸማኔው ነጣና እንደ ተቀቀለ እንቁላል ረጋ። የቀኛዝማች ግን እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ቀረ።

«ይህ ነጩ ፕሮቲን ነው፤ ሥጋና እንቁላል ውስጥ ያለው» አለ ድሬሰሩ። «ደህና ኩላሊት ይዞ ያስቀረዋል፤ የታመመ ኩላሊት ግን በሽንት ያፈሰዋል። እርስዎ ጤነኛ ነዎት፤ መታከም ያለበት ይሄ ሰውዬ ነው።»

የቀኛዝማች ጆሮ ግን «ሥጋና እንቁላል» ላይ ቀርቶ ነበር። ሽሮ በልቶ የሚያድር ሸማኔ ሽንቱ እንቁላል ሲሆን የእሳቸው ውሃ ይሁን? ያውም በሰው ፊት? ደማቸው ፈላ።

«ብልቃጥ ለውጦ ነው። ሽንቴን ሰርቆኛል። ያዘው» አሉት የጤና ጣቢያውን ዘበኛ። ዘበኛው ጭሰኛቸው ነበርና የሸማኔውን ክንድ ጨምድዶ ያዘ።

«ከእኔ ካልሰረቅህ ከየት አመጣኸው? ተናገር፤ አለዚያ ዛሬ እስር ቤት ነው የምታድረው።»

ሸማኔው ሁለቱን ብልቃጦች ተራ በተራ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጌታዬ፣ ከእርስዎ ቤት ማን ምን ይዞ ወጥቶ ያውቃል? የገዛ ሽንትዎ እንኳ ባዶ እጁን ነው የወጣው።»