የእልፍነሽ ማዳመጫና ሦስቱ እምቢ ባዮች

በአንድ ወቅት፣ ሰው በገዛ ቤቱ ዘፈን ለመስማት የጎረቤት ፈቃድ በሚያስፈልገው ዘመን፣ ደሴ ከተማ ውስጥ እልፍነሽ የምትባል ጡረተኛ ነበረች። የሥራ ዘመኗን ሁሉ የስልክ ኦፕሬተር ሆና፣ ማዳመጫ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ፣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራለች። የልደት ምሥራች፣ የእህል ዋጋ፣ የፍቅረኛ ኩርፊያ፣ ሁሉም በጆሮዋ አልፏል። ለራሷ የተደወለላት ግን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ጡረታ ስትወጣ «ከእንግዲህ ጆሮዬ የኔ ነው!» ብላ ማለች።

ለጆሮዋ የምትሰጠውም ነበራት። ከወጣትነቷ ጀምራ አንድ በአንድ የሰበሰበቻቸው የዘፈን ሸክላዎችና አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ። ችግሩ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ መሆኑ ነው፤ ግድግዳው እንኳን ዘፈን ማስነጠስም አያስቀርም። ጎረቤት ከሰሰ፣ የሕንፃው ኮሚቴ ተሰበሰበ፣ ሰብሳቢው አቶ ገዛኸኝም በሯን አንኳኩተው ከቤቷ የሸክላ ድምፅ እንዳይወጣ መወሰኑን ነገሯት።

«ደግሞስ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጸሎት እንጂ ዘፈን ምን ያደርግልዎታል?»

«ጸሎቴን እግዜር ይሰማልኛል። ዘፈኑን የምሰማው ግን እኔው ነኝ፤ ምትክ የለኝም!» አለችና በሩን ዘጋችባቸው።

መልሱ አንጀቷን አራሰው እንጂ ሸክላውን አላሽከረከረውም። ማጫወቻው ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ይህ ሳያንስ ታላቅ ወንድሟ አቶ ወንድይፍራው መጣና «ካልሰማሻቸው ምን ይሠሩልሻል? አዲስ አበባ ገዢ አለ፤ ይሸጡ» አላት። ይቺ ቃል ከኮሚቴው ውሳኔ ይልቅ አቃጠለቻት።

በማግስቱ ሦስት ሰው ጠራች። የሟች እህቷን ልጅ ደምሰውን፣ የጎረቤት ልጅ ሆና ወላጆቿ ሲሞቱባት እንደ ልጇ ያሳደገቻትን ሐያትን፣ የወንድይፍራውን ልጅ ይርጋን።

«ሸክላዎቹ አይሸጡም፤ አይከፋፈሉምም» አለቻቸው። «ስሞት ለአንዳችሁ ናቸው። ከጡረታዬ የተረፈችኝ ብር ይቺ ናት። ከዚች ሳያልፍ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ደህና አድርጌ እንድሰማ ያደረገኝ ሰው ይወርሳቸዋል። ስሙን በቁሜ እናገራለሁ፤ ሬሳ አይዳኝም።»

ደምሰው መካኒክ ነው፤ የመኪና ሞተር ከሩቅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ጆሮ እግዜር ሰጥቶታል። «በማዳመጫ ቢሰሙ ጎረቤት አይሰማም» ብሎ ፒያሳ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይዟት ሄደ። ባለሱቁ ትልቅ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፋላትና የሚደልቅ ዘፈን ለቀቀባት። ደረቷ ዘለለ።

«ይኼ ነው!» አለች።

«አይደለም» አለ ደምሰው።

«ጭንቅላቱ የኔ፣ ብሩም የኔ! አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ለጆሮዬ ብለው አይደል የጠሩኝ? ይኼ ዘፈን በሰፌድ ቢያጫውቱትም ይደልቃል። ዕቃ የሚፈተነው በሚያውቁት ድምፅ ነው።»

ስልኩን አወጣ። ውስጡ የእልፍነሽ የራሷ ድምፅ አለ፤ ለምን አረፈድክ ብላ ስትቆጣው የላከችለት። በቀዩ ማዳመጫ ሲሰማ በርሜል ውስጥ ገብታ የምትናገር ትመስል ነበር። አንዱን አንስቶ ሌላውን ሲጥል፣ ባለሱቁ ሲያጉረመርም፣ በመጨረሻ ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥቁር ባለገመድ ማዳመጫ ከታችኛው መደርደሪያ ወጣ። እልፍነሽ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው በወለቀው ጥርሷ በኩል የምታፏጨውን ፉጨት ሳይቀር ሰማችው። እንደምታፏጭ እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ እንዴ ይቺ?»

«እርስዎ ነዎት። ቻርጅ አይለምንም፣ ጭንቅላት አይከብድም፣ የጆሮው ትራስ ቢያልቅ ይቀየራል።»

ባለሱቁ ግን ዓይኗን አይቶ ነበርና ከያዘችው ብር በላይ ጠራ። ደምሰው ከኪሱ ሊጨምር ሲል እጁን መታችው። «ከዚች አትለፉ ብያለሁ! ሁለተኛም ይህን ሱቅ ማናችሁም እንዳትረግጡት!» ብላ ወጣች።

ሐያት ይህን ሰማችና የእልፍነሽን ብር ያህል ከራሷ ይዛ በማግስቱ በቀጥታ እዚያው ሱቅ ሄደች። ሐያት ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ምላስ አጥንት የለውም አጥንት ይሰብራል የተባለው ለሷ ነው። ብትለምን፣ ብትቀልድ፣ ብትቆጣ ባለሱቁ ፍንክች አላለም። ዞር ስትል ጥግ ላይ አቧራ የጠገቡ ትንንሽ ሬዲዮኖች አየች።

«እነዚህን ብሸጥልህ ማዳመጫውን በያዝኩት ትሰጠኛለህ?»

ሰውየው ሳቀ። «ዓመት አልፏቸዋል እኮ! ከሸጥሽልኝ ውሰጂው።»

«ወላሂ፣ ቃልህን እንዳትበላ!»

የገበያ ቀን ነበር። ሐያት የራሷን ሱቅ ዘግታ የሰው ሱቅ ደጃፍ ቆመች። ላላገባው «ብቻህን ከምታወራ» አለችው፤ ላገባው «ከሚስትህ ጋር ከምትጣላ» አለችው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ሬዲዮኖቹ አልቀው፣ ማዳመጫውን በብብቷ ይዛ እልፍነሽ ቤት ገባች።

«አትርገጡት ብዬ አልነበር?» አለች እልፍነሽ።

«ብለዋል። ረገጥኩት» አለች ሐያት በሻከረ ድምፅ።

እልፍነሽ ጨርቁን ከማጫወቻው ላይ ገፈፈች። የማዳመጫውን ገመድ ይዛ ማጫወቻውን ዞረችው፤ መሰኪያ ቀዳዳ የለውም። ማጫወቻው የተሠራው በራሱ ስፒከር እንዲጮህ ብቻ ነው። ጥቁሩን ማዳመጫ ታቅፋ ተቀመጠች፤ ያን ቀን ልቧ ተሰበረ።

ሊጠይቃት መጥቶ የነበረው ይርጋ ይህን ቆሞ አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ የግድግዳ ሰዓት ፈትቶ የሚገጥም፣ ቃል የማያበዛ ልጅ ነው። «እኔ ልክፈተው» አለ። እልፍነሽ ተቆጣች፤ «ይህን ማጫወቻ የከፈተ ሰው ሁለተኛ ቤቴን አይረግጥም!» አለች። ምትክ የሌለው ዕቃ ነው፤ ቢበላሽ የሚሠራው የለም። እሑድ እድር ሄዳ ስትመለስ ግን ማጫወቻው አንሶላ ላይ ተበትኖ፣ ይርጋ ካቻቢቴ ይዞ መሃሉ ተቀምጦ አገኘችው።

«ይርጋ! ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። ብጠይቅዎት እምቢ ይሉኝ ነበር። አሁን ወይ ያባርሩኝና እንደተበተነ ይቅር፣ ወይ ይቀመጡና ልጨርስ።»

ተቀመጠች፤ እንደተበተነ እንዳይቀር ብላ እንጂ ፈቅዳ አልነበረም። እሱ ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን ሽቦ ለየ፣ የድምፁ ጉልበት ጆሮዋን እንዳይጎዳ መሃሉ ላይ መቀነሻ አስገባ፣ ጎኑን በስቶ መሰኪያ ገጠመለት፤ ከዚያ ሁሉንም መለሰና አንድ ሸክላ አስቀመጠላት።

እልፍነሽ ማዳመጫውን ደፋች። መጀመሪያ የሰማችው ዘፈኑን አልነበረም፤ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ነው። ከዚያ የክራር መቺው ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተት። «ሰው አለበት እኮ እዚህ ውስጥ!» ብላ ጮኸች፤ እንባዋም ወረደ። በወጣትነቷ የገዛችውን ሸክላ ገና ያኔ ሰማችው።

ደስታ መቼ ልክ ያውቃል? አብራ ማዜም ጀመረች። ማዳመጫ ያደረገ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም፤ ደረጃውን ሙሉ ያለ ቅኝት አናጋችው። ወዲያው አቶ ገዛኸኝ ደረሱ። ደምሰውንና ሐያትንም ወሬው ጠርቷቸው ነበርና ሐያት በሩን ከፈተች።

«ድምፅ እንዳይወጣ ተወስኖ አልነበረም?» አሉ።

እልፍነሽ አንዱን ጆሮዋን ገለጥ አደረገች። «የከለከላችሁት የሸክላውን ድምፅ ነው፤ እሱ ይኸው ዝም ብሏል። ይኼኛው የራሴ ነው። እሱን ለማገድ ሌላ ስብሰባ ይጥሩ!»

አቶ ገዛኸኝ ተመልሰው ደረጃውን ወረዱ። ሦስቱ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ክርክሩ መጣ።

«በእኔ ጆሮ ባይሆን በርሜል ገዝተው ይመጡ ነበር» አለ ደምሰው።

«ያንተ ጆሮ ከመደርደሪያው ላይ ትቶት ነው የመጣው» አለች ሐያት።

«እናንተ ያመጣችሁላቸው እኮ የብርድ ቆብ ነበር» አለ ይርጋ። «የሰሙት እኔ ስከፍተው ነው።»

አቶ ወንድይፍራውም ጠቡን ሰምቶ መጣ። «ይኸው! ከልጅ ልጅ ቢለዩ ዓመትም አይቆዩ ይባላል። መሸጡ ነው ሰላሙ።»

«ዓመት ለኔ ብዙ ነው፤ እለያለሁ!» አለች እልፍነሽ።

ማለቱን አለች፤ መለየቱ ግን ጨነቃት። ደምሰው ድምፅ ያውቃል፤ እጁን ግን የሞተር ዘይት አይለቀውም፤ ሸክላ ደግሞ ቆሻሻ አይወድም። ሐያት ቀኗንም ጉሮሮዋንም ሰጥታለች፤ ዘመድ ግን «ለባዳ አወረሰች» ብሎ መቆሚያ ያሳጣታል። ይርጋ በእጁ አሰማት፤ ግን ምትክ የሌለውን ነገር ያለፈቃድ አደጋ ላይ ጣለ፤ ሸክላውን ካገኘ ደግሞ ሽጥ የሚል አባት አለው። ሦስቱም ትእዛዟን ጥሰዋል። ይህን ስታስብ ተናደደች፤ ወዲያውም የሷው ልጆች መሆናቸው ታያትና ኮራች።

ሦስቱ አሁንም ይጨቃጨቃሉ። እልፍነሽ ሸክላውን ገለበጠች፣ ማዳመጫውን በሁለት ጆሮዋ ላይ ደፋች፣ ዓይኗን ጨፈነች። የሦስቱ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ እሷ ግን አትሰማም።

እናንተ ግን ሁሉንም ሰምታችኋል። እንግዲህ ፍረዱ፦ ሸክላዎቹ የሚገቡት ለለየው ጆሮ ነው፣ ላመጣው ምላስ ነው ወይስ ለደፈረው እጅ?