ድምፅ የጠጣው ውሃ

ከወይራ ገበያ ወጣ እንዳሉ፣ መንገዱ ወደ ጀማ ሸለቆ ቁልቁል ከመጣሉ በፊት፣ ድምፅ ማረፊያ የሚባል ጉብታ አለ። ጉብታው ላይ ከጉልበት የማያልፍ፣ ፀሐይና ዝናብ ያጠቆረው የጥድ ጉቶ ይታያል፤ ሥሩ ያለው አፈር በበጋም እርጥብ ነው። አሁን ከጉቶው ጀርባ ረጅም የሞባይል ማማ ተተክሏል፤ የአገሩ ሰው ግን ማማውን ትቶ ጉቶውን ነው የሚያከብረው። እዚያ ሲደርስ ስልኩ ጮሆ ቁጥሩን ካላወቀው፣ «ሃሎ» ከማለቱ በፊት ከያዘው ውሃ ጉቶው ሥር ጠብ ያደርጋል። ውሃ ያልያዘ ከመንገደኛ ይለምናል። እንግዳ ሰው አይቶ ቢስቅባቸው አይቆጡም፤ ታሪኩን ይነግሩታል እንጂ።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ጉቶው ለዚያ አገር የመጀመሪያው የስልክ እንጨት ነበር። ሽቦው ሲዘረጋ ገሚሱ ሰው የሽቦው ውስጥ እንደ ቦይ ክፍት ነው፣ ቃሉ በዚያ ይፈሳል አለ፤ ገሚሱ ደግሞ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ፣ ነፋስ ሽቦውን ሲያስጮኸው እየሰማ፣ «ዛሬ ደግሞ አዲስ አበባ ለቅሶ አለ መሰል» እያለ ለጎረቤቱ ያወራ ነበር ይባላል። ሳቁ ሳቅ ነው፤ ፍርሃቱ ግን እውነተኛ ነበር። በእግር ተጉዘው፣ ወንዝ ተሻግረው የሚደርሱበትን ሰው አፍ ጆሮ ሥር የሚያደርስ ነገር እንዴት አይፈራ!

በዚያ ዘመን ይመኙሻል የምትባል ባልቴት ነበረች። የበኩር ልጇን ይርዳውን ንጋቱ የሚባል ሰው በወሰን ጠብ ገድሎባት፣ ጀማን ተሻግሮ ከማዶው ከተማ ተሸሽጓል። ይመኙሻል ፀጉሯን ተላጭታ፣ ማቅ ለብሳ፣ የልጄ ደም ሳይመለስ አላወልቅም ብላ ማለች። ሽማግሌዎች ድንጋይ ተሸክመው ለእርቅ ቢመጡባት በሯን ዘጋችባቸው፤ የገዳዩን ስም የጠራ ሰው ዳግመኛ ቤቷ ድርሽ አይልም። የቀራት ልጅ ጥላዬ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠብመንጃውን ወልውሎ፣ ንጋቱ ያለበትን አጣርቶ፣ የፋሲካ ጾም ሲፈታ ሊሄድ ተሰናድቷል። ቢገድል እንደሚሰቀል፣ ቢስት እንደሚገደል እናቱ አሳምራ ታውቃለች። ይህንን ስታስብ ልታስቀረው ትነሣለች፤ መልሳ ደግሞ «የይርዳው አጥንት ይወቅሰኛል» ትላለች። መሐላው ከአፏ ወጥቷልና ልትመልሰው አልቻለችም።

እንደሚነገረው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ፣ ስልከኛው ገበየሁ ጉብታው ላይ ካለው የስልክ ቤት ደጅ ቆሞ ተጣራ።

«እትዬ ይመኙሻል! ሰው ይፈልግዎታል!»

«የታለ ሰውየው?» አለች፣ ደጁንም ውስጡንም እያየች።

«ከጀማ ማዶ ነው። በሽቦ ነው የመጣው።»

ገበየሁ የሚፈልጋት ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ደፍሮ አልነገራትም። እሷም ከመደንገጧ የተነሳ ስሙን አልጠየቀችም። እንስራዋን እደጅ አውርዳ ገባች፤ ገበየሁም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሣጥን ማዳመጫውን አንሥቶ ጆሮዋ ላይ አስያዛት። መጀመሪያ የሰማችው እንደ ንብ ቀፎ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ነበር። ከዚያ በድምፁ መካከል ሰው ተነፈሰ። ይመኙሻልን ውርር አደረጋት። ፊት የለ፣ እጅ የለ፣ ጥላ የለ፤ ትንፋሽ ብቻ፣ ያውም ልጆቿ በሕፃንነታቸው አንገቷ ሥር ተሸጉጠው ሲተኙ እንደምትሰማው ያለ ትንፋሽ። «ፈጣሪዬ፣ ምን አሰማኸኝ!» አለች። ትንፋሹ ይቆራረጣል። ሰውየው ሳግ ይዞት መናገር አቅቶት ነበር፤ እሷ ግን ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በሽቦው ላይ ሮጦ የደከመ መሰላት።

«ውይ፣ ደክሞታል እኮ!» ብላ ማዳመጫውን ለገበየሁ አስታቅፋ ወጣች። ሽቦው ከእንጨቱ ተነሥቶ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አይታለች፤ ስለዚህ ከእንስራዋ በቅል ቀድታ እንጨቱ ሥር አፈሰሰችለት። ከዚያ ተመልሳ ማዳመጫውን ይዛ ወደ ሣጥኑ ጮኸች።

«ጠጣ ልጄ! ውሃ አፍስሼልሃለሁ፤ ጠጣና እረፍ፣ ከዚያ ታወራለህ።»

እዚህ ላይ ተራኪዎች ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ንጋቱ ከማዶው ስልከኛ ማሰሮ አስቀድቶ በእርግጥ ጠጣ ይላሉ፤ ሌሎቹ የዋጠው እንባውን ብቻ ነው ይላሉ። በመለሰው መልስ ላይ ግን ሁሉም ይስማማሉ።

«ጠጣሁ፣ እናቴ። እግዜር ይስጥልኝ። ንጋቱ ነኝ።»

ገበየሁ ሣጥኑን ትሰብረዋለች ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ቆመ። ይመኙሻል ግን አልተነቃነቀችም። በዚያ አገር ሕግ፣ በእጅህ ውሃ ያጠጣኸው እንግዳ ደመኛህም ቢሆን ደሙ አይፈለግም፤ ይህን ያፈረሰ ሰው ቤቱ አይባረክም።

«ምነው ሳትጠጣ በነገርኸኝ!» አለች በመጨረሻ።

ንጋቱ ለይቅርታ ያሰናዳው ቃል ሁሉ ጠፍቶት ያለቅስ ጀመር። እሷም አዳመጠችውና፣ ልጇ ከሞተ ጀምሮ አንጀቷን ሲበላት የኖረውን፣ ከገዳዩ በቀር መልሱን የሚያውቅ የሌለውን ነገር ጠየቀችው።

«ይርዳው ሲወድቅ ምን አለ?»

«ውሃ ለመነኝ። ፈርቼ ጥዬው ሸሸሁ።»

ይመኙሻል ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ብዙ ሙሾ አውርዳ ነበር፤ እንዲህ ያለ ልቅሶ ግን አልቅሳ አታውቅም ነበር ይባላል።

«የእሱን ነው የጠጣኸው» አለችው። «የልጄን ውሃ ነው የሰጠሁህ። በል፣ ኑርበት።»

ወሬው ሲደርሰው ጥላዬ አበደ። «በሽቦ የመጣ ደግሞ እንግዳ ይባላል ወይ? እግሩ ደጃችንን ረገጠ?» ብሎ ሽማግሌዎቹን ተከራከረ። እውነት ለመናገር፣ እነሱም ቢሆኑ እንዲህ ያለ ነገር ዳኝተው አያውቁም፤ ሽቦውን ቀና ብለው ያዩ ጀመር። በኋላ ግን አያ ዘርጋው የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ንስሐ ስትገባ ለካህኑ የምትሰጠው ምንህን ነው? ቃልህን። ምስክር ስትሆን ዳኛ ፊት የምታቆመው ምንህን ነው? ቃልህን። ይህ ሰው የላከው ያንኑ ነው፤ እናትህም አጠጥታዋለች። ሥጋውንማ ፈረስም ያመጣዋል።»

ጥላዬ ጠብመንጃውን ሰቀለ። እናቱም ማቋን አወለቀች። ንጋቱ በኋላ ወንዙን ተሻግሮ እዚያው እንጨት ሥር ታረቃቸው ይላሉ። ዛሬ ወይራ ገበያ ካሉት ቤተሰቦች ብዙዎቹ የጥላዬ ዘር ናቸው፤ ያን ጊዜ መንገድ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ አንዳቸውም አይኖሩም ነበር።

ሽቦው ከተነሣ፣ እንጨቱም ከተቆረጠ ብዙ ዘመን ሆነ። ስልኩ ኪስ ገብቷል፤ ባሕር ማዶ ያለን ሰው ከነፊቱ ከነሳቁ ያሳያል፣ ነገ ደግሞ ምን እንደሚያመጣ እግዜር ይወቀው። ሽማግሌዎቹ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አፋቸውን ይዘው ይደነቃሉ፤ ልጆቻቸው ቢስቁባቸውም መደነቁን አይተዉም። ስልክ ጉብታው ላይ ሲጮህ ግን ወጣቱም ሽማግሌውም ጎንበስ ብሎ ውሃውን ያፈስሳል።

ለምን የደዋዩን ማንነት አስቀድመው አይጠይቁም ያላቸው ሰው ካለ መልሳቸው አጭር ነው። ከጠየቅንማ፣ ይላሉ፣ ላናፈስስ እንችላለን።