ሼኽ ሙዘይንና ዳገት የማትወጣው ሞተር

አላህ መልካም ነገር ሰምተው ከሚጠቀሙት ያድርገንና፣ ከተራራ ሥር የተቀመጠች አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ገበያዋ ታች ሜዳው ላይ፣ መስጂዷ መሃል ላይ፣ ከበላይዋ ደግሞ ጠመዝማዛ ዳገት፣ ከዳገቱ ማዶ መንደሮች። በዚያች ከተማ ሼኽ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ዓሊም ይኖሩ ነበር። ዳገቱን በበቅሎ እየወጡ ማዶ ላሉት ቂርአት ሲያስቀሩ፣ የተጣላ ሲያስታርቁ፣ ጀናዛ ሲያሰግዱ ነው ዕድሜያቸው ያለፈው።

በቅሎዋ ስታረጅባቸው የመስጂዱ ጀመዓ መከረና አዲስ ሞተር ሳይክል ገዛላቸው። ሰው "በዚህ ዕድሜ እንዴት ሊሆን ነው?" ሲል፣ ሼኹ ከጎረምሶች ጋር ተሰልፈው መንዳት ተማሩ። ማርሽ በቀየሩ ቁጥር "ቢስሚላህ" ሲሉ ፈታኙ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት እንደነበር እስካሁን ይወራል። ብቻ አለፉ። ሲነሱ ጥምጣማቸውን ፈተው ወገባቸው ላይ ይታጠቁና ሄልሜታቸውን ያጠልቃሉ፤ ማዶ ሲደርሱ መልሰው ይጠመጥሙታል።

ችግሩ ዳገቱ ላይ መጣ። ሞተሯ ከቤት ስትነሳ እንደ ፈረስ ትጋልባለች። አጋማሽ ላይ ስትደርስ ግን ጉልበቷ ይከዳታል። ነዳጅ ቢሰጧት ታጓራለች እንጂ አትሄድም፤ ትንተፋተፍና ቀጥ ትላለች። ጥቂት ካረፈች ትነሳለች፤ ደግሞ ትቆማለች። እንጨት የጫኑ አህዮች እንኳ ሼኹን ጥለዋቸው ያልፋሉ።

"ሼኻችን፣ በቅሎዋ ተቀይማ ረግማዎት እንዳይሆን!" ይላሉ አህያ ነጂዎቹ።

"ዐውፍ በይኝ ብያታለሁ በሉልኝ" ይላሉ ሼኹ እየሳቁ።

ሞተሯ የተገዛችው ገበያው ዳር ካለው ከአወል ሱቅ ነበር። አወል ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን የሸጠው ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ማየት አይወድም። ሼኹን በክብር ተቀበለ። ሞተሯን ሜዳው ላይ ነዳ አድርጎ መለሳት።

"ምንም የላትም፣ ሼኻችን። ገና ሮዳጅ ላይ ናት። አዲስ ሞተር እስኪላመድ ድረስ ይከብዳል።"

ሄዱ፤ ቆመች፤ ተመለሱ። አሁን ደግሞ "ቤንዚኑ ቆሻሻ ነው" አለ። ቤንዚኑ ተቀየረ፣ ካንዴላዋም ተቀየረ፤ ሞተሯ ግን ያችው ናት። በመጨረሻ አወል ዓይኑን ሰበር አድርጎ "እንግዲህ አነዳድዎ ይሆናል። ዕድሜም አለ" አላቸው።

ይህን የሰሙ የመስጂዱ ሰዎች ተቆጡ። "ሱቁ በር ላይ ቆመን ጉዱን እናውጣበት!" አሉ።

"ጉዱን ሳናውቀው ምኑን እናወጣዋለን?" አሉ ሼኹ። "ሶብር አድርጉ።"

አንድ ጠዋት ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ሞተሯ ኩርባው ላይ ቀጥ አለችና ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላ የጭነት መኪና እየመጣ ነበር። ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ለጥቂት አተረፋቸው። ሼኹ መንገዱ ዳር ተቀምጠው አላህን አመሰገኑ።

ወሬው አወል ዘንድ ደረሰ፤ ደነገጠም። ሼኹ ሲመጡ በሩ ላይ ጠበቃቸው።

"ሼኻችን፣ ይቺን ይተዉልኝ። ከእነዚያ ከአዲሶቹ የወደዷትን ይውሰዱ፤ ምንም አልጠይቅዎትም።"

የሼኹ ፊት በራ። "አላህ ኸይር ጀዛህን ይክፈልህ!" ብለው ቁልፉን ሊያቀብሉት እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ።

"ይቺኛዋስ ምን ትሆናለች?"

"አጥበን እንሸጣታለን። ከሩቅ የሚመጣ ገዢ አይጠፋም።"

"ያለባትን ትነግረዋለህ?"

"ያለባትን እኔስ መቼ አወቅኩ? ንግድ እኮ ነው፣ ሼኻችን።"

"መኪናው ሲመጣብኝ ሞቴ ነው ብዬ ሸሃዳ ይዤ ነበር፣ ልጄ" አሉ ሼኹ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "ያንን ኩርባ ፊቱን አይቼው ለማላውቀው ወንድሜ አልሰጠውም።" ቁልፉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ከኋላዬ ተፈናጠጥ። አንተ የምታያት ሜዳ ላይ ነው፤ ዳገቱ ላይ እያት።"

አወል እምቢ ሊል ፈለገ፤ አፈረም። ተፈናጠጠ። ነጋዴው የሼኹን ወገብ አቅፎ ሲያልፍ ገበያው በሳቅ አውካካ።

ሞተሯ አጋማሹ ላይ ቆመች። አወል ወርዶ ካንዴላውን አየ፣ ቱቦውን ነካካ፤ ምንም የለም። ተበሳጭቶ "ቤንዚን ራሱ አላት?" ብሎ የታንከሩን ክዳን ከፈተ። ታንከሩ ውኃ ውስጥ ቆይቶ እንደወጣ ሰው "እፍፍፍ" ብሎ አየር ሳበ። አወል ክዳኑን መልሶ ቢያስነሳት ሞተሯ እንደ አንበሳ አገሳች።

ክዳኑን ገልብጦ አየው። የአየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ ላይ ቀጭን ላስቲክ ተለጥፏል፤ ከፋብሪካ ስትጫን ለጉዞ ተብሎ የተለጠፈ፣ ሱቅ ውስጥ ሲገጣጠም መላጥ የነበረበት። አየር ሳይገባ ቤንዚኑ አይወርድም። ስትቆም ግን አየሩ ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ ሱቅ ስትደርስ ደኅና የምትመስለው ለዚያ ነው።

አወል ላስቲኩን ላጠውና መሬት መሬት አየ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። በዕድሜዎ አሳበብኩ። ዐውፍ ይበሉኝ።"

"አላህ ዐውፍ ይበልህ። ዕድሜዬስ እውነት ነው" አሉ ሼኹ እየሳቁ።

አወል ግን አልሳቀም። ፊቱ ተለዋወጠ። "አብረዋት የመጡትንም ሸጫለሁ፣ ሼኻችን። አንዷን እዚሁ ማዶ ላለችው አዋላጅ፣ ለሲስተር ዘምዘም።"

"ታዲያ ለምን ቆመናል?"

ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጡት። የሲስተር ዘምዘም ሞተር ጤና ጣቢያው ጥግ አቧራ ለብሳ ቆማ ነበር፤ አዋላጇ ወላዶች ቤት በእግሯ ነበር የምትሄደው። አወል ክዳኑን ገልብጦ ያንኑ ላስቲክ ላጠ። የሆነውንም ነገራት።

"ሱብሃነላህ!" አለች እጇን ወገቧ ላይ ጭና። "እናንተ እኮ ሴት ስለሆንሽ ነው መንዳት ያቃተሽ ብላችሁ አሳምናችሁኝ ነበር!" ወዲያው አስነስታ ግቢውን ዞረችው፤ ከዚያም በሩን ወጥታ ሄደች። ከመቆጣቷ ይልቅ ደስታዋ በለጠ።

አወል ጁምዓ ሰላት ሲያበቃ ተነስቶ ስህተቱን በጀመዓው ፊት ተናገረ፤ ከእርሱ የገዛ ሁሉ እንዲመጣም ጠራ። ከዚያ ወዲህ ሞተር የሚሸጠው ከገዢው ጋር ዳገቱን ወጥቶ ነው ይባላል።

አንድ ሰው ቆይቶ ሼኹን "ያኔ አዲሷን ቢወስዱ ኖሮ ከችግርዎ ወጥተው አልነበረም?" ብሎ ጠየቃቸው። ሼኹም "ሌላውን አስገብተህ ከወጣህ፣ ገና አልወጣህም" አሉት።

እኔ ይህችን ቃል ሳስባት ሁሌም ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ መንገድ ላይ የቆመ እጅ ነው። ሼኹ ምንም የሚዋሹት ነገር አልነበረም፤ ዝም ብለው ቁልፉን ማቀበል ብቻ በቂ ነበር። ብዙዎቻችን አማና፣ የሰው አደራ፣ የምንበላው ስንናገር ይመስለናል፤ ዝም ብለን ስንቀበል የምንበላው ይበዛል። ሼኹ "ይቺኛዋስ?" ባይሉ ኖሮ ላስቲኩ አይገኝም ነበር፤ ሲስተር ዘምዘምም ዛሬ ድረስ ጥፋቱ የራሷ እየመሰላት ዳገት ቁልቁለቱን በእግሯ በተመላለሰች። አላህ ለራሳችን መፍትሔ ባገኘን ሰዓት፣ ያችን አጭር ጥያቄ የሚጠይቅ ልብ ይስጠን።